የእሁዱ አያሌው

ካርቱም፣ መጋቢት 18 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? ግራ ጉልበትዎ ብርድ ሲነካው አሁንም ያስቸግርዎታል ወይስ ያ የፌጦ ቅባት ረዳዎት? ንቦቹስ ወደ ቀፏቸው ተመለሱ? የቦራው በሬዎ የቀንድ ቁስል ደረቀለት? ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን በዚህ ዕድሜዎ ይተዉት ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩዎት፤ እሺ እያሉኝ እንደማይተዉት አውቃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ብቻ ከአሁኑ አናት ይበሳል።

ይህን ሲያነቡ «የጉልበቴንና የበሬዬን ነገር ይህን ያህል የሚያውቀው፣ የእጅ ጽሑፉን ግን አይቼው የማላውቀው ይህ ሰው ማነው?» እንደሚሉ ይገባኛል። እኔ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የሚደውሉልኝ ሰው ነኝ፤ አያሌው የሚሉኝ። አያሌው ግን አይደለሁም። ስልሳ ስምንት ዓመትም የለኝም። ስሜ ማዘንጊያ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ጢም እንኳ በወጉ አላበቀልኩም።

እንግዲህ ከባዱን አወጣሁት። እባክዎ ወረቀቱን ሳይጨርሱ አይቅደዱት፤ ከጨረሱ በኋላ እንደፈቀደዎ።

በስልክ ልነግርዎ ሦስት እሁድ ሞክሬያለሁ። አፌን ስከፍት ያው እርስዎ የሚያምኑት የሽማግሌ ድምፅ ይወጣል፤ በዚያ ድምፅ እውነቱን ብናገር ማን ያምነኛል? እንዲያውም የካቲት ላይ ጨክኜ «እኔ እኮ ገና ልጅ ነኝ» ብዬዎት ነበር። ረጅም ሳቅ ሳቁና «እሱንማ አውቃለሁ» አሉኝ። የሽማግሌ ቀልድ መስሎዎት ነው ብዬ አፍሬ ወሬውን ወደ ንቦቹ መለስኩት። ወረቀት ግን ድምፅ የለውም። እርስዎ ደግሞ ዳዊት ደጋሚ ስለሆኑ ለሌላ ሰው አያስነብቡትም፤ በራስዎ ዓይን ያነቡታል። ደብዳቤ የመረጥኩት ለዚህ ነው።

የምጽፈው በምሳ ሰዓት፣ በሥራ ቦታ ነው። ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው፤ ሲሚንቶ የነካው እጄ ወረቀቱን ካቆሸሸው ይቅርታ ያድርጉልኝ። መቸኮሌም አይታዘቡኝ። ጥጋቡ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ረቡዕ ማለዳ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ይነሳል፤ ከዚያ ጎንደር ገብቶ ለቀበሌያችሁ ሰው ሊሰጥልኝ ቃል ገብቷል። እርስዎ ለዳግማይ ትንሣኤ መተማ ድረስ እመጣለሁ ብለውኛል፤ «ፊትህን ሳላይ አልሞትም» ብለውኛል። ይህ ወረቀት ከእርስዎ መነሳት በፊት ካልደረሰ፣ መተማ ላይ ነጭ ጢም ያለው ሰው ሲፈልጉ ውለው አንድ አመዳም ጎረምሳ «እኔ ነኝ» ሊልዎ ነው። ይህን እያሰብኩ ሰሞኑን አንድ ሴራሚክ ቀጥ አድርጌ ማስቀመጥ አቅቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ግንቦት ላይ ጋሽ አያሌው ሱቅ ወለል ላነጥፍ ሄድኩ። ጋሽ አያሌው እውነተኛ ሰው ናቸው፤ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በርበሬና ሽሮ ይሸጣሉ፤ ሱዳን ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ቁመታቸው በሩን ይሞላል፤ ጢማቸው እንደ ጥጥ ነው። የተጣሉ ባልና ሚስት እሳቸው ዘንድ ሲቀርቡ ፊታቸውን ብቻ አይተው ይታረቃሉ ይባላል። ያን ቀን ሚኪያስ የሚባለው አብሮኝ የሚኖር ልጅና የእርስዎ ልጅ እፀገነት ሱቁ ውስጥ ነበሩ። ሚኪያስ ሽማግሌ ሊልክብዎ ነው። መንገዱ ሩቅ፣ የመኖሪያ ወረቀት ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ እዚህ ያለው ሰው ሽማግሌ የሚልከው በስልክ ነው። ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ ሥራዬን እሠራለሁ።

ጋሽ አያሌው ጤና ይስጥልኝ ብለው ጀመሩ። እርስዎም «ይቺ ሴትዮ ማናት? ትልቅ ሰው የላችሁም?» ብለው ዘጉት።

አባቴ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ጋሽ አያሌው ድምፃቸው ቀጭን መሆኑን ማናችንም ልብ ብለን አናውቅም። ፊት ለፊት ሲናገሩ ጢሙ፣ ቁመቱ፣ ነጠላው አብሮ ይናገራል። ስልክ ጢም አያሳልፍም። እሳቸውም አያውቁም ነበር መሰለኝ፤ ስልኩን ለረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩትና «በዚህ ድምፅ ነው እኮ አርባ ቤት ያስታረቅሁት» አሉ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

ሚኪያስ ግን ወዲያው ወደ እኔ ዞረ። የእኔ ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ መሳቂያ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ቀን ጠዋት ይህ ድምፅ ወጣ፤ እናቴ ደንግጣ ውኃ ደፋች። እኔ በተወለድኩበት ወር የሞተው አያቴ ድምፅ ነው ትላለች፤ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። እዚህ አገር ሥራ የሚሰጠኝ ሰው በስልክ «ያ ሐጅ» እያለ በአክብሮት ያናግረኛል። ቦታው ስደርስ ከኋላዬ እያየ «ሐጁ የታለ?» ይለኛል። እኔ ራሴ ነኝ ስለው ግማሹ ይስቃል፤ ግማሹ ያታለልኩት መስሎት ይቆጣል። ሚኪያስ ደውሎ ስልኩን ሲሚንቶ በነካ እጄ ላይ አስቀመጠውና «ያላ፣ አንተ በል» አለኝ። ልጅዎ «አያሌው የሚባሉ ሰው ይደውሉልሃል» ብላ አስቀድማ ነግራዎት ነበርና ሌላ ስም ማምጣት አልተቻለም። ጋሽ አያሌውን አየኋቸው። ፊታቸው ዳምኗል፤ ቢሆንም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ጤና ይስጥልኝ፣ አያሌው እባላለሁ አልኩዎት።

«አሃ፣ አሁን ሰው መጣ» አሉኝ። ያን ጊዜ ደስ ማለቱን አልደብቅዎትም። በሕይወቴ ሰው አክብሮ ሲያናግረኝ፣ አይቶኝ ሳይጸጸት እስከ መጨረሻው ሲያናግረኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

የጠየቁኝን ያስታውሳሉ። ልጁ ሰካራም ነው ወይ፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል ወይ፣ ወገኖቹ ማን ናቸው አሉ። የማውቀውን መለስኩ። በመጨረሻ «ዋሱ ማነው?» አሉኝ። እኔ ነኝ አልኩ። «ልጁ ቢከዳስ?» አሉኝ። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ስሰማ ያደግሁትን «እሱ ቢከዳ እኔ እቆማለሁ» አልኩ። እርስዎም «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ብለው መረቁ። ወግ ነው ብዬ የተናገርኩት ነበር፤ ምን እንደተናገርኩ አልገባኝም ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን አሁን ነው ያወቅሁት።

አሁን ከሥራ ወጥቼ ሃፍላ ውስጥ ነኝ። ሃፍላ የሚባለው አውቶቡስ ነው፤ የምኖርበት ሶባ ሩቅ ስለሆነ ጊዜ አለኝ። ፊደሉ ከተጣመመ መንገዱ ነው እንጂ እጄ አይደለም። ምናልባት እጄም ይሆናል።

ሚኪያስ ከዳ። በዚያው ዓመት ሐምሌ አንድ ጠዋት ስነሳ ፍራሹ ተጠቅልሏል። በሊቢያ በኩል ሄደ። እኔና ልጅዎ ሰባት ወር ሙሉ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳናውቅ ተጨነቅን። ከዚያ የካቲት ላይ ከጣሊያን ደወለ። ድምፁ ተለውጧል፤ ቶሎ ቶሎ ይናገራል፤ እዚያ ሌላ ኑሮ እንደጀመረ፣ እሷም ትዳሯን እንድትይዝ ነገረኝ። ለእሷ ደፍሮ አልነገራትም፤ ለእኔ ነው የነገረኝ፤ እኔ ነኝ ያደረስኩት። እሷ አላለቀሰችም። «ሕይወቱ ከተረፈ ይበቃኛል፤ ለአባቴ ግን አሁን አትንገርብኝ፤ ኀፍረቱን አይችልም» አለችኝ።

እኔም ሳልነግርዎ ቀረሁ። እርስዎ «ልጁስ?» ሲሉኝ «ደህና ነው» እልዎት ነበር። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ካለፈው መስቀል ወዲህ ደግሞ ስለ እሱ ጠይቀውኝ አያውቁም። ለምን እንደተዉት አላውቅም፤ እፎይ ብዬ እኔም ዝም አልኩ።

ለምን በየእሁዱ ይደውሉልኝ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ነግረውኛል። ልጅዎ በአሥራ አምስት ዓመቷ ከአክስቷ ጋር እዚህ መጥታ ዓረብኛው ወደ አፏ ገባ። እርስዎ ደህና ነሽ ሲሏት «ተማም» ትላለች፤ ሲሰናበቷት «ኢንሻላህ» ትላለች፤ ዜማው ሳይቀር የዚህ አገር ሆኗል። «የገዛ ልጄ በስልክ ስትናገር ሰው ቤት የደወልኩ ይመስለኛል፤ ታማ ይሁን ደስ ብሏት ከድምፅዋ መለየት አቃተኝ፤ አንተ ንገረኝ» አሉኝ። እኔም እየነገርኩዎት ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ለእርስዎ የምነግረው እንዳላጣ ብዬ ነበር የማያት። ዓርብ ዓርብ አል-ማንሺያ እየሄድኩ ከምትሠራበት ቤት በር ላይ እጠብቃታለሁ፤ ምን እንደበላች፣ ማን እንዳስቀየማት እጠይቃታለሁ፤ እሁድ ለእርስዎ አወራለሁ። እያደር ግን የምጠይቀው ለእርስዎ ይሁን ለራሴ መለየት አቃተኝ። ስትናደድ እንዴት ከንፈሯን እንደምትነክስ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ነግሬዎታለሁ።

የእመቤቷን የጦይባን ነገር አጫውቼዎት አላውቅም። ድምፅዋ ከግቢው ማዶ ነጎድጓድ ነው። መጀመሪያ ቀን ከውስጥ ስትጮህ ስሰማ ልጅዎን የምትገድላት መስሎኝ አጥሩን ልዘል ነበር። በሩ ሲከፈት አንዲት ድንቢጥ የምታክል ሴትዮ ወጣችና ውኃ ሰጠችኝ። የጮኸችው እፀገነት ሳትበላ ወጣች ብላ ነው። ሰው በድምፁ እንደማይታወቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን እኔም ተሳሳትኩ።

ነሐሴ ላይ ልጅዎ ታይፎይድ የያዛት ጊዜ ጦይባ ናት በራሷ መኪና ሶባ ሆስፒታል ያደረሰችን። ያን እሁድ እርስዎ ሲደውሉ እኔ የሆስፒታሉ አጥር ሥር ተቀምጬ ነበር። ምንም አይደለም፣ ትንሽ አሟት ነው ልልዎ ነበር ያሰብኩት። ድምፄ ከዳኝ። እንደ ሕፃን አነባሁ፤ ያ ሁሉ የሽማግሌ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። እርስዎ አላቋረጡኝም። ሲበቃኝ ጠብቀው ማን እንዳመጣት፣ ማን አጠገቧ እንደሚያድር ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኩ። «ተባረክ ልጄ» ብለው ዘጉ። ልጄ ማለትዎ አፍዎን አዳልጦዎት ነው ብዬ ተጽናናሁ። ከዚያ ወዲያ ባሉት እሁዶች ስለ እህልና ስለ ዝናብ ማውራቱን ቀነሱት፤ ሚስት ስትቆጣ ባል ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ሰው ቤት ሲመሠርት መጀመሪያ ምን እንደሚገዛ ያወሩኝ ጀመር። ሽማግሌ ለሽማግሌ ለምን እንዲህ ያለውን እንደሚያወራ ገርሞኝ ነበር፤ ቢሆንም ሁሉንም በልቤ ያዝኩት።

አሁን ማክሰኞ ነው፤ ጋሽ አያሌው ሱቅ ቁጭ ብያለሁ። ጥጋቡ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጥቶ ይወስደዋል። ትናንት ሳልጨርሰው የተኛሁት የሚቀጥለውን መጻፍ ፈርቼ ነው።

እፀገነትን እወዳታለሁ። እሷም ትወደኛለች፤ ይህን ከአፏ ሰምቻለሁ። ነገር ግን አባቴ በአፉ ሳይመርቀኝ አላገባም ብላለች፤ በውሸት ላይ በተሰጠ ምርቃትም አልኖርም ብላለች። ልክ ናት። እኔ በሰው ስም እምልልዎት ነበር፤ ወንድሜ ይሉኝ ነበር፤ «እኩያሞች ነን፣ አንተ እንባባል» ብለውኝ የአባቴን ታላቅ ሰው አንተ እያልኩ ኖሬያለሁ። በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ ልጅዎን ስጡኝ ማለት ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ከረገሙኝ እርግማኑ የእኔ ብቻ ይሁን። እሷ ከመጀመሪያው ጀምሮ እውነቱን ንገረው ስትለኝ ነበር፤ የፈራሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ሌላ መላ ፈልገን ነበር፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ጋሽ አያሌው «መተማ እኔ ልሂድልህ፤ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል እላለሁ፤ አንተ ልጁ ነኝ ብለህ ከኋላዬ ቆመህ ተናገር፤ ፊቱ ከእኔ፣ ድምፁ ከአንተ» አሉኝ። ሳቅንም፤ ከልባችን አሰብንበትም። ልጅዎ ስትሰማ ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ጋሽ አያሌው ራሳቸው «በስሜ የማልከውን በስምህ ፍታው» ብለው ይህን ወረቀት ከሱቃቸው ደብተር ቀደው ሰጡኝ። እሳቸው ዛሬም ስልክ ሲጮህ ለሌላ ሰው ያቀብላሉ። ይህንንም በደል እኔ ነኝ የፈጸምኩት፤ በእርስዎ ዘንድ ስማቸው በእኔ ድምፅ ነው የሚታወቀው። መተማ አብረውኝ ይመጣሉ፤ እባክዎ በገዛ ድምፃቸው ሰላም ይበሏቸው።

አሁን ልጅዎ ገብታ እስከዚህ ያለውን አንብቤላታለሁ። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። የቀረ ነገር አለ ወይ ስላት መተማ ስለሚያመጣልህ ነገር የተነጋገራችሁትን አልጻፍክም አለችኝ። እውነት ነው፣ ረስቼዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ለመተማው ጉዞ «ምን ላምጣልህ?» ብለውኝ፣ እኔም ሽማግሌ የሚመኘውን ሳስብ የወይራ ከዘራ ይበቃኛል ብዬዎት ነበር። እርስዎ ደግሞ «ከዘራ ለአንተ ገና ነው፤ ሌላ ነገር አሸምኛለሁ፤ የትከሻህን ስፋት ላክልኝ» አሉኝ። በዕድሜ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር።

ያሉኝን ቃል በቃል ስነግራት አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ ወረደ፤ ምን ሆነሽ ነው ብላት አልነግርህም አለችኝ። «ላከው፤ እሱ ራሱ ይንገርህ» ብቻ አለች። እኔም ብድግ ብዬ በሩን አይቼ ተመለስኩ፤ የጻፍኩትንም ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ሌላ የምጨምረው ነበረኝ፤ ጥጋቡ ግን ውጭ ጥሩንባ እየነፋ ነው።

ጉልበትዎን ያበርታልዎ። ንቦችዎን ይመልስልዎ። ለትንሣኤው በሰላም ያድርስዎ፤ መንገዱንም ያቅልልዎ። የትከሻዬን ስፋት ልጅዎ በክር ለክታ ከዚህ ወረቀት ጋር አጥፋዋለች። መተማ ላይ ነጭ ጢም አይፈልጉ፤ ከዘራ ያልያዘውን ይፈልጉ።

ቃል በሰጠሁዎት መሠረት የቆምኩት፣
ልጅዎ